«እኔ ራሴ!» የምትል የሁለት ዓመት ልጅ፦ የቱን እንፍቀድ፣ የቱን እንከልክል?

የሚጣ አባት፦

ሰላም ለቤቱ። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ልጅ አለችን፤ ቤቱን አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ካልሲ ልናደርግላት ስንል እግሯን ትሰበስባለች፤ «እኔ!»። ካልሲው ተረከዟ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል፣ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፣ «ልርዳሽ» ያለ ሰው ላይ ካልሲው ይወረወራል። በር ሌላ ሰው ከከፈተው ተዘግቶ እንደገና በእሷ እጅ መከፈት አለበት። ሪሞቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሳሎኑን ወዲያና ወዲህ እያለች «አሎ፣ እሺ፣ እሺ፣ ቻው» ትላለች፤ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ፣ እናቷን ቁጭ። ድመቷን «ተይ አልኩሽ!» ብላ ትቆጣታለች፤ ወዲያው ደግሞ ከሳህኗ እንጀራ ቆርሳ ልታጎርሳት ከኋላ ከኋላዋ ትላለች።

እንወድላታለን፣ አንደብቅም። መከራው ጠዋት ለሥራ ስንጣደፍ ነው። ጥያቄዎቼ፦ በዚህ ዕድሜ በእርግጥ ራሷ ማድረግ የምትችለው የቱን ነው? የቱ ላይ ነው የምንጸናው? እሪታው ሲመጣስ? «ታድጋለች፣ ትተወዋለች» የሚለውን ሰምተናል፤ ዘርዘር ያለ መልስ ያላችሁ ጻፉልን።

ሲስተር ነኝ፦

ከ«እኔ» ልጀምር። ልጅ ራሱን ለይቶ «ይሄ እኔ ነኝ» ማለት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ፦ አፍንጫዋን ስትጠርጉላት ሳታውቅ ትንሽ ሊፕስቲክ አስነኳትና መስታወት ፊት አቁሟት። ያልደረሰች ልጅ መስታወቱን ትነካለች፣ ወይም ከጀርባው ሰው አለ ብላ ትዞራለች። የደረሰች ልጅ እጇን ወደ ራሷ አፍንጫ ትሰዳለች። ጣታችሁን አትቀስሩ፣ «ምን ሆንሽ» አትበሏት፤ ዝም ብላችሁ እዩ።

ይሄ አንዴ ከመጣ «እኔ»፣ «የኔ» እና «እምቢ» ተያይዘው ይመጣሉ። የምትፈልገውን አሳምራ ታውቃለች፤ ጣቶቿ ግን አልታዘዝ ይሏታል፣ ቃላቷም አልበቋትም። ካልሲውን የሚያስወረውራት እሱ ነው፣ ክፋት አይደለም።

ዕድሜውን በግምት እንየው። 18 ወር አካባቢ ሳይይዙት ይራመዳል፣ ክዳን ከሌለው ኩባያ እያፈሰሰም ቢሆን ይጠጣል፣ ማንኪያ ይሞክራል፣ መጥረጊያ ይዞ የሚጠርግ ይመስላል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ይሮጣል፣ ኳስ ይመታል፣ በማንኪያ ይበላል፣ ሁለት ቃል ያገናኛል («ውሃ ስጪኝ»)። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ሰፊ ሱሪ ራሱ ያወልቃል፣ የበር እጀታ ያዞራል፤ ስለዚህ የውጭው በር መቀርቀሪያ ከላይ በኩል ይሁን። መልበሱ ግን፣ ያውም አንዳንዱን ልብስ ብቻ፣ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ከሚጣ በ22 ወሯ ሙሉ ልብስ ለብሶ መውጣትን የጠበቀ ሰው ራሱንም እሷንም ያስለቅሳል።

የመዋዕለ ሕፃናቷ፦

ሲስተር ያለችው ልክ ነው፤ እኔ ልብሱ ላይ ልቆይ፣ ጠዋት ጠዋት ፀብ የሚነሳው እዚያ ስለሆነ።

ማውለቅ ከመልበስ ይቀድማል። ልምምዱን ማታ፣ ልብስ ሲወልቅ ጀምሩት፤ ማንም የማይቸኩልበት ሰዓት ነው። ካልሲ ለማውለቅ አውራ ጣቷን ተረከዟ ጋ ካልሲው ውስጥ አስገብታ ወደ ታች እንድትገፋ አሳዩዋት። ብዙ ልጆች ጫፉን ይዘው ይጎትታሉ፤ ካልሲው ይለጠጣል እንጂ አይወጣም።

ስታለብሷት ከመጨረሻው ተነሱ። ካልሲውን ተረከዝ አሳልፋችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ተዉትና ወደ ላይ መሳቡን ለእሷ ስጡ። ይህ ሲቀላት ተረከዝ ላይ አቁሙት፤ እሱም ሲቀላት የእግሯ ጣቶች ብቻ እንደገቡ ተዉት። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ የምትጨርሰው እሷ ትሆናለች፣ «እኔ» የምትለው ደግሞ ለመጨረስ ነው። ከጫፍ ብታስጀምሯት ግን ሁልጊዜ ተረከዝ ላይ ትሸነፋለች። ካልሲው አንድ ቁጥር ሰፋ ይበል፤ ተረከዙ በሌላ ቀለም የተሠራ ከተገኘ ደግሞ የትኛው ወደ ታች እንደሚሆን በዓይኗ ታያለች።

ሱሪ ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ቁልፍና ቀበቶ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። አልጋ ላይ ሳይሆን እግሯ መሬት በሚነካበት ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጧት፤ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ሁለቱንም እግር እስከ ጉልበት አስገቡላት፣ ትቁም፣ ትሳበው። ሁልጊዜ ከኋላ ዳይፐሩ ላይ ይያዝባታል፤ ሁለቱንም እጆቿን ከፊት ስለምታደርግ ነው። አንዱን እጇን ወደ ኋላ ውሰዱላት።

ጃኬት ላይ ደግሞ ልጆች የሚወዱት ዘዴ አለ። ጃኬቱን መሬት ላይ ዘርጉት፣ ውስጡ ወደ ላይ፣ ኮሌታው ወደ እግሯ። ኮሌታው ጋ ቆማ ታጎነብሳለች፣ ሁለቱንም እጆቿን እጅጌዎቹ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ በጭንቅላቷ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ትጥለዋለች። ተገልብጦ ወይም በታች በኩል ከዞረባት ኮሌታው ወደ እግሯ አልነበረም ማለት ነው። ዚፑን ከታች ማያያዙ የእናንተ፣ ወደ ላይ መሳቡ የእሷ፤ መሳቢያው ላይ ጣቷ የሚገባበት የሪባን ቀለበት እሰሩበት። ታች ማያያዙን ከአራት ዓመት በፊት ከእሷ አትጠብቁ።

ቸኮልን፦

ይሄ ሁሉ ጥሩ፤ ግን 2፡30 ሥራ የሚገባ ሰው ጠዋት ለካልሲ ሩብ ሰዓት ከየት ያመጣል? ሰርቪስ አይጠብቅም።

የመዋዕለ ሕፃናቷ፦

አያመጣም። ጠዋት አንድ ሥራ ብቻ ለእሷ ስጡ፤ ያውም ገና ሳይጀመር ተናገሩ፦ «ካልሲው ያንቺ፣ ጃኬቱ የኔ።» መሃል ላይ መንጠቅ ነው እሪታ የሚያመጣው። ልብሱ ማታ ይመረጥ፤ ሁለት ብቻ አሳዩዋትና አንዱን ታንሳ። ቁም ሳጥኑን ከፍታችሁ «ምን ትለብሻለሽ?» ካላችሁ በክረምት የመስቀል ቀሚሷን ይዛ ትመጣለች፣ ጥፋቱም የእሷ አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አነጋገራችን። «እንሂድ?» ብለን እንጠይቅና «እምቢ» ስትል እንቆጣለን። እምቢታ የማይቀበሉት ነገር በጥያቄ መልክ አይቀርብም። «አሁን እንሄዳለን። በእግርሽ ነው ወይስ ታቅፈሽ?» በሏት፤ መሄዱ አለቀለት፣ መምረጡ ለእሷ ተረፈ። «ነገ» እና «በኋላ» የሚባሉትንም አታውቃቸውም፤ «ቡና ከተጠጣ በኋላ»፣ «አባባ ሲመጣ» የሚለውን ታውቃለች። «አትሩጪ» ከማለት «ቀስ ብለሽ ሂጂ» ይሻላል፤ «አት» ውስጥ ምን ይደረግ እንደሆነ አይገኝም።

እማማ የሰላሌ፦

ልጆቼ፣ ዘመናዊውን አነበብኩት፣ ደስ ይላል። እኛ ዘንድ ይሄ ዕድሜ የመላኪያ ዕድሜ ነው። «ይህን ለአክስትሽ ስጪ» ይባላል። መጀመሪያ የምትላክበት ዕቃ የማይሰበር፣ የማይፈስ፣ አንድ ብቻ ይሁን፤ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ከዓይኗ ሳይርቅ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ተቀባዩ በሁለት እጁ ይቀበል፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እደጊ» ይበላት። እሱን ለመስማት ደጋግማ ትመጣለች። ሌላ ክፍል የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ አትዘዟት፤ «ጫማሽን አስቀምጪና በሩን ዝጊ» የሚለው ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ይሆናል፤ ያለዚያ አንዱን ረስታ መሃል ቤት ትቆማለች።

ቡና ሲፈላም ሥራ አታጣም። ቄጠማ ትጎዝጉዝ፣ የስኳሩን ዕቃ ትክደን፣ ለእንግዳ ትራስ ታቅርብ። የራሷ የፕላስቲክ ስኒ ካላት አጠገባችሁ ዕቃ ዕቃ ስትጫወት ሦስተኛው እስኪጠጣ ትቆያለች። ፈሳሽ መቅዳት ከወደደች ደግሞ ከእሳቱ ርቃ፣ በትሪ ላይ፣ ትንሽ ጆግ ሩብ ያህል ውሃ ጨምራችሁ ስጧት። ጆጉ ከሞላ ክብደቱ እጇን ያጣምመዋል፣ ሁሉም መሬት ነው።

ካስቸገረች ግን «ጅቡ መጣ» ማለት ነው። እኛም በዚያው አደግን።

ሲስተር ነኝ፦

እማማ፣ የመላኩ ነገር ወርቅ ነው፣ ከእርስዎ እንማር። ጅቡ ላይ ግን አልስማማም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሁለት ዓመት ጀምሮ ልጆች በሐሳባቸው መሳል ይጀምራሉ፤ ጅቡ ቀን አይመጣም፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ነው የሚመጣው። ከዚያ ልጅ ብቻዋን አልተኛም ስትል «ምን ነካት» እንላለን። በመርፌና በሐኪም ማስፈራራትም እንደዚያው፤ ክትባት ክፍል አራት ሰው ይዟት የምትጮኸው ልጅ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ «መርፌ ትወጊያለሽ» የተባለች ናት።

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሹልክ ማለትም አብሮ ይነሳ። ለጊዜው ለቅሶ ያስቀራል። በማግሥቱ ግን ልጅቷ እናቷ ጫማ ባነሳች ቁጥር ቀሚሷ ላይ ትንጠለጠላለች፤ መቼ እንደምትጠፋባት አታውቅማ። ስማችኋት፣ «ሥራ ሄጄ ማታ ከእራት በፊት እመጣለሁ» ብላችሁ፣ ለሞግዚቷ አስረክባችሁ ውጡ። አጭር ይሁን። ሦስቴ ተመልሶ መሳም ለቅሶውን ያስረዝመዋል።

እማማ የሰላሌ፦

እሺ ልጄ፣ ጅቡ ይቅር። መቆጣቱስ ቀረ?

ሲስተር ነኝ፦

አልቀረም እማማ፣ ግን ጥቂት ቦታ ላይ ይሁን፤ እዚያ ላይ ደግሞ አይታጠፍ። ቀኑን ሙሉ «ተይ፣ ተይ» ከተባለች የእሳቱም «ተይ» የመጋረጃውም «ተይ» አንድ ይሆንባታል። የማይታለፉት እሳት፣ መንገድ፣ መድኃኒትና በረኪና፣ ሰው መምታትና መንከስ ናቸው። ከዚያ ውጪ ያለው አብዛኛው የቤት ዝግጅት ጉዳይ ነው፦ የማይነካውን ከፍ ማድረግ፣ የሚነካውን ዝቅ።

ስለ ቡናው ልናገር። የእኛ ከሰል ምድጃ ያለው መሬት ላይ፣ በሕፃን ደረት ልክ ነው። ረከቦቱና ምድጃው ጥግ ይያዙ፤ በእነሱና በልጅቷ መካከል አንድ አዋቂ ይቀመጥ እንጂ ክፍት ቦታ አይተው። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ማቶቱ ወደ ግድግዳው በኩል ይሁን፤ ትኩስ ስኒ የያዘ ሰው ልጅ አያቅፍ። ከተቃጠለች ወዲያው የሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧው ከሄደ ከጀሪካን እያፈሰሳችሁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ዱቄት አይነካም፤ ሙቀቱን ያፍናል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻል። የተጣበቀ ልብስ አትላጡ። በንጹህ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም።

ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒ፣ የሸንኮራ ቁራጭ፣ ጠንካራ ከረሜላ እስከ አራት ዓመት አይሰጥም፤ የመንጋጋ ጥርሶቿ ገና ስለሆኑ ታኝከዋለች ብላችሁ አትመኑ። ያውም «እኔ ራሴ» የምትል ልጅ ከሳህኑ በጭብጧ ዘግና እየሮጠች ነው የምትበላው፣ እየሳቀች። እንግዳ ሲመጣ የቆሎው ሳህን ከመሬት ይነሳ። ካነቃት፦ በኃይል እያሳለች ከሆነ ተዉአት፣ ሳሏ ከእናንተ እጅ ይሻላል። ድምፅ ካጣች ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዎቿ መካከል ጀርባዋን በእጅ መዳፍ ተረከዝ 5 ጊዜ ምቱ፤ ካልወጣ ከኋላዋ ሆናችሁ ከእምብርቷ ትንሽ ከፍ ብሎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ፤ እስኪወጣ አፈራርቁ፣ ሌላ ሰው እርዳታ ይጥራ። ይህ ዓመት ለሞላው ልጅ ነው፤ ከዓመት በታች ሆድ አይጫንም። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፦ ሳሉ ቆሞ «ወረደላት» ከተባለ በኋላ ቀናት ቆይቶ የሚያፏጭ ትንፋሽ ወይም የማይለቅ ሳል ቢመጣ ቆሎው ሳንባ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ለሐኪሙ «በዚህ ቀን ቆሎ አንቋት ነበር» ብላችሁ ካልነገራችሁት እንደ ጉንፋን ይታከማል።

በረኪና በውሃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ጋዝም እንዲሁ። ከጠጣች አታስመልሷት፣ ሲወጣ ድጋሚ ያቃጥላል፣ ጋዙ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሩጡ።

ሽሮ በየፈርጁ፦

ስለ መብላት ማንም አላነሳም። «እኔ» የምትል ልጅ ጉርሻ እምቢ ትላለች፣ አያቶች ይከፋቸዋል። እንጀራውን ሁለት ጣት ስፋት ባለው ቁራጭ ቆርጣችሁ ሳህኗ ላይ ደርድሩላት። መሃሉ እርጥብ ነው፣ ጣቷ ላይ ይጣበቃል፤ ዳር ዳሩ ለመያዝ ይሻላታል። ሽሮው ማንኪያ ላይ ተዘቅዝቆ የማይወርድ ያህል ወፈር ይበል፤ ቀጭን ሽሮ አፏ ሳይደርስ ክርኗ ላይ ነው። ቀዩን ሳይሆን አልጫውን። ሥጋ ከሆነ አጥንቱ ወጥቶ በጣም ደቅቆ። ድንችና ካሮት በሹካ የሚደቅ ያህል ይብሰል።

መጠኑ ለሁለት ዓመት ልጅ ከየዓይነቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይጀመር፤ ከጠየቀች ይጨመር። በአዋቂ ልክ ሞልታችሁ «ጨርሺ» ካላችኋት ትርፉ ፀብ ነው። ሳህኑን መግፋት፣ ምግብ መሬት መጣል፣ በእንጀራው ዶሮ መሥራት ሲጀመር ጠግባለች ማለት ነው፤ አንሱት። ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በላይ ማዕድ ላይ አታቆዩዋት።

ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ብዙ አይለፍ፤ ሆዷን ሞልቶ ምግብ ያስጠላታል፣ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ማለት ይቻላል። ሻይ ከምግብ ጋር አይሰጥ፣ ያለውንም ብረት እንዳይመጠጥ ይከለክላል። ቀጭን ሻይ በዳቦ የሚያድር ልጅ ስንት ነው!

የሚጣ አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይሄን አትሜ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ። የእሪታው ጥያቄ ግን ቀረ። መሬት ላይ ተንከባልላ ስትፈራገጥ፣ ያውም ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ።

የመዋዕለ ሕፃናቷ፦

በመጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። አብዛኛው እሪታ ከምሳ በፊት ወይም ከእንቅልፍ በፊት ነው። በዚህ ዕድሜ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባት። የቀኑ ከዘለለ የማታው እሪታ የታወቀ ነው። ገበያ ስትሄዱ በልታና ተኝታ ትሂድ፣ አንድ የምትይዘው ነገር ስጧት፤ ሎሚ እየቆጠረች ዘምቢል ውስጥ የምትከት ልጅ አትንከባለልም።

ከጀመረች ደግሞ፦ የሚጎዳትን ነገር ከአጠገቧ አንሱ። ቁጢጥ በሉ፣ ፊታችሁ በፊቷ ልክ ይሁን። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በዝግታ፦ «ተናደድሽ፣ ዘይቱን አንቺ ልትይዥው ፈልገሽ ነበር።» ከዚያ ዝም። ብዙ ወላጅ የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ ያስረዳል፣ ይለምናል፣ ይዝታል፣ ልጅቷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ንግግር አይገባትም። ማቀፍ ከፈለገች እቀፏት፣ ከገፋቻችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚረዝመው የሚመልስላት ሰው ሲኖር ነው። ዝም ስትል ወደ ነገሩ አትመለሱ፣ «ሁለተኛ ትደግሚያለሽ?» አይባልም። ውሃ አጠጧት፣ ቀጥሉ።

ስልክ አትስጡ። ለቅሶው በእርግጥ ይቆማል፤ የሚቀጥለው ለቅሶ ግን የስልክ ለቅሶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን ማየት በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ነው፣ ከዚያ በታች ላሉት ጭራሽ አይመክርም። እና የከለከላችሁትን በለቅሶ አትፍቀዱ፤ መፍቀዳችሁ ካልቀረ በመጀመሪያው «ስጪኝ» ላይ ፍቀዱ።

ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስማማ። እናት ከልክላ ሞግዚት ከሰጠች፣ ሞግዚት ከልክላ አያት ከሰጠች፣ ሚጣ ሞኝ አይደለችም፣ ማን ጋ ሄዳ እንደምታለቅስ ታውቃለች።

ጨነቀኝ፦

የእኛ ደግሞ ሲያለቅስ ትንፋሹ ይቀራል፣ ይጠቁራል፣ ዝልፍልፍ ይላል። ሰዎች «ቡዳ ነው» ይላሉ። ከዚህ የተነሳ እምቢ ማለት ፈርተናል።

ሲስተር ነኝ፦

የታወቀ ነገር ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ይታያል። አልቅሶ ትንፋሹን አውጥቶ ይይዘዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ለአፍታ ራሱን ይስታል፣ ከዚያ አካሉ ራሱ ያስተነፍሰዋል። አብዛኛው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አትነቅንቁት፣ ውሃ አትድፉበት። የመጀመሪያው ከሆነ ግን የግድ ሐኪም ይየው፤ ሳያለቅስ ወይም ሳይመታ በድንገት ከወደቀ፣ ከደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ከተንቀጠቀጠም እንደዚያው። የደም ምርመራ ጠይቁ፤ ከደም ማነስና ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል፣ ብረት ሲታዘዝላቸው የሚቀንስላቸው ብዙ ናቸው። መጠኑን ሐኪሙ ይወስን፣ የጎረቤት ሽሮፕ አይሰጥ። እምቢ ማለታችሁን አታቁሙ።

ሜሪላንድ፦

ለሁላችሁም ሰላም። እዚህ ቤት አማርኛ፣ ዴይኬር እንግሊዝኛ ለሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ቃላት እንዴት ይቆጠራሉ? «ኋላ ቀርቷል፣ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር እየመጣ ነው።

ሲስተር ነኝ፦

የሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። በአማርኛ 20፣ በእንግሊዝኛ 15 የሚል ልጅ 35 አለው። ማደባለቁም ጤነኛ ነው። አማርኛውን መተው አያፈጥነውም፤ እናትና አባት አጣርተው የማይናገሩትን ቋንቋ ብቻ ይሰማል፣ ከአያቱም ጋር መነጋገሪያ ያጣል።

ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ «ና» ሲባል ስለሚውል እናቱንም «ማሚ ና» ይላታል። አትሳቁበት፣ «እንደሱ አይባልም» አትበሉት። «ማሚ ነይ? እሺ መጣሁ» ብላችሁ ትክክለኛውን እያሰማችሁ ሂዱለት። «ር»ን «ል» ማድረግ፣ ቀ፣ ጠ እና ጨ ላይ መቸገር በዚህ ዕድሜ አያሳስብም። የሚያሳስበው፦ 18 ወር ሆኖት በጣቱ «ያን እይ» ብሎ አለማሳየት፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አለማገናኘት፣ ስሙ ሲጠራ አለመዞር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የነበረውን ቃል መተው። ያኔ መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። አገር ቤት ያላችሁ ልጆች እስከ 59 ወር በየስድስት ወሩ ለቫይታሚን ኤ ይሄዱ የለ? ያንን ቀጠሮ ለዚህ ጥያቄም ተጠቀሙበት።

ዝም ያለ ልጅ አለኝ፦

ሁሉ ስለ ሚጣ ዓይነቶቹ ነው የሚያወራው። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ ውስጥ የሚገቡትስ? «ሳሚ፣ ሳሚ» እያሉ ይጎትቷታል።

የመዋዕለ ሕፃናቷ፦

እሷም ባሕርይዋ ነው። አሌክሳንደር ቶማስ እና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከ1956 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ልጆችን ከሕፃንነት ጀምረው ለዓመታት ተከታትለው ነበር። 40 ከመቶ ያህሉ ቀለል ያሉ፣ 15 ከመቶ ቀስ ብለው የሚሞቁ፣ 10 ከመቶ አስቸጋሪ፣ የቀሩት ቅልቅል ሆነው አገኙ። ትልቁ ነጥባቸው ልጁና ቤቱ መጣጣማቸው ነው፤ ያው ልጅ አንድ ቤት «ቀዥቃዣ» ይባላል፣ ሌላ ቤት «ፈጣን»።

ቀስ ብላ ለምትሞቅ ልጅ፦ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ስሙን ንገሯት፣ ሲገባ ከእቅፋችሁ አታውርዷት፣ እንግዳው መጀመሪያ ከእናንተ ጋር ያውራ እንጂ ወደ እሷ አይሂድ። አሻንጉሊቷን ይጠይቃት፣ እሷን አይያት። ብዙዎቹ ከአሥር፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ራሳቸው ይመጣሉ። በመሳም ፈንታ እጅ ማውለብለብም ሰላምታ ነው። አጠገቧ ቆማችሁ «ዓይን አፋር ናት» አትበሉ፤ ትሰማለች፣ ደግሞም ትጠቀምበታለች።

እማማ የሰላሌ፦

በአኩኩሉ ትፍታታለች። ፊቱን በነጠላ የሸፈነ እንግዳ እስከ ዛሬ የተፈራ አላየሁም።

የሚጣ አባት፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳትስቁ። ጫማዋን ራሷ ማድረግ ጀምራለች፣ ግን ሁልጊዜ ግራና ቀኙን ታዛውራለች። ስናስተካክል እሪ።

የመዋዕለ ሕፃናቷ፦

ግራና ቀኝን ማወቅ ከዚህ ዕድሜ አይጠበቅም። አንድ ክብ ስቲከር (የድመት ፊት ቢሆን ለእሷ ይሻላል) መሃል ለመሃል ቁረጡ። ግማሹን በግራው ጫማ ውስጥ፣ ተረከዙ በሚያርፍበት ቦታ በውስጥ ጠርዝ በኩል ለጥፉ፤ ሌላውን ግማሽ በቀኙ። ጫማዎቹ በትክክል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ድመቷ ትገጥማለች። «ድመቷን ግጠሚያት» በሏት፣ ከዚያ ታድርግ። ስቲከሩ በላብ እንዳይላጥ በላዩ ላይ ሰፋ ያለ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ጠርዞቹንም በጥፍራችሁ ደምድሙት፤ ከተላጠ አፏ ውስጥ ነው የምታገኙት። ከቤት ሳትወጡ ደልዳላ ወለል ላይ አዛውራ ብትሄድ ደግሞ ምንም አትሆንም። ደረጃ ካለባችሁ ብቻ ነው «ድመቷ ተጣላች» ብላችሁ የምታስወልቁት።